ሳትሞት የተጠራችው ሀውራ

ሙዘይን የሚኖረው በድምፁ ነው። ለአካባቢው ሬዲዮ ከየቀበሌው ዜና ይልካል፤ በሰፈሩ ደግሞ የቅሬው ለፋፊ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ሐይቅ ከተማ ላይ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሬሳውን የሚያነሳበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ሙዘይን ጎህ ሲቀድ ወጥቶ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ቤቱን ከነምልክቱ ይጠራል። ማንም ከቀብር እንዳይቀር አንዲት ነገር መዝለል የለበትም። ከእሱ በፊት ለፋፊው አባቱ ነበሩ፤ ዛሬም ንጋት ላይ የእሳቸው ድምፅ የሚሰማኝ ጊዜ አለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ከአርዲቦ ሐይቅ ወዲህ ባሉት መንደሮች ኮሌራ ገባ። ሙዘይን ጤና ጣቢያው ግቢ በተተከለው ድንኳን የተኙትን ሰዎች ስም መዝግቦ መጣና በሬዲዮ አነበበ። ያነበበውም ሟች ሲጠራ በለመደው ዜማ ነው።

«ሀውራ ሰዓድ! የአሚናት ልጅ! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ!»

ሀውራ አልሞተችም። በአምስተኛው ቀን ጉልኮሱን ነቅለውላት በእግሯ ቤቷ ገባች። የተቀዳው ድምፁ ግን ከስልክ ስልክ እየተላለፈ መሳቂያ ሆኖ ቆየ። «ሳትሞት የተጠራችው» አሏት። ገበያ ላይ የእናቷን ሽንኩርት የሚያነሳ ጠፋ። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን መለሱ። ዓመት ሳይሞላ ሀውራ ጅዳ ገባች።

ባለፈው ጥር ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ ለዘጋቢዎች የአራት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ስለ ወረርሽኝና ስለ ሰው መብት እንዴት እንደሚዘገብ ነበር። ሳምሪ የምትባለው አሠልጣኝ ከደሴ የመጣች ወጣት ናት። በመጀመሪያው ቀን፣ «የታማሚን ስም ያለ ፈቃዱ ያወጣ አለ?» ብላ ጠየቀች።

የአምባሰሉ ዘጋቢ ሽታው ቀደመ። «ኧረ ሙዘይን አለልሽ! እሱ ዜና ሲያነብ እኛ አካፋ ይዘን ነው የምንወጣ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሙዘይንም አብሮ ሳቀ። ሳምሪ አልሳቀችም፤ እንዲተርክላቸው ጠየቀችው። የሌላ ሰው ነገር እንደሚያወራ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው።

«ለሥልጠናው ልምምድ እዚያው ልጅቷ ቤት ይሂዱ» አለችው። «መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቁ። ከፈቀዱልዎ ብቻ ታሪካቸውን ይቅዱ።»

ዓመት ከመንፈቅ ያንን ደጅ አልረገጠም። ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት ሲፈልግ ኖሮ፣ አሁን ሲያገኝ መቅጃ ኪሱ ውስጥ ነበር።

አሚናት ደጇ ላይ ቁጭ ብላ የተበላሸውን ሽንኩርት ከደህናው ትለያለች። አሁን የምትሸጥላት ጎረቤቷ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እቴ አሚናት።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ።»

«አንተ ያለ መርዶ ትመጣለህ ብዬ ነው?»

«አፉ በይኝ ልል ነው የመጣሁ።»

«አፉ ብያለሁ፤ ዱሮ ነው ያልኩህ። ሌላስ?»

መቅጃውን አወጣና ስለ ሥልጠናው ነገራት። ስም እንደማይጠራ፣ ታሪኩ ለሌላው ትምህርት እንደሚሆን አስረዳት።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ስሙ የሀውራ ነው» አለች። «ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። አብራት የምትሠራ የወረባቦ ልጅ ከስልኳ ከፍታ አሰማቻት። ያንተን ድምፅ። ጅዳ ድረስ፣ ሙዘይን።» እጇ ከሽንኩርቱ ላይ አልተነሳም። «እሱን ልታጠፋልኝ ትችላለህ?»

«የሰው ስልክ ውስጥ ያለውን እንዴት ብዬ?»

«ታዲያ ምን ልትቀዳ መጣህ?»

ወደ አዳራሹ ሲመለስ ሳምሪ፣ አለመፍቀዳቸውም መልስ ነው፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ አለችው። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከምሳ በኋላ ግን አልተመለሰም። የምስክር ወረቀቱን ሽታው ተቀብሎ አስቀምጦለታል፤ እስከ ዛሬ ሄዶ አልወሰደውም።

መጀመሪያ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደና ድምፁን ከቴሌግራም ገጹ ላይ አስጠፋው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ያለበትን ስልክ ሰው ለሰው ይፈልግ ያዘ። አንዱን ሲያገኝ ከማን እንደደረሰው፣ ለማን እንደላከው ይጠይቃል፤ ያ ሌላውን ይጠቁመዋል። ያማረሩት አሉ፣ ጨርቁን ጣለ ያሉትም አሉ።

«የሐይቅን ውሃ በጭልፋ ልትጨርሰው ነው?» አለው አንዱ።

«ስልክህን አምጣ» አለው ሙዘይን።

ባለፈው ሳምንት ድምፁ ባድሩ የሚባል ባለባጃጅ ዘንድ እንዳለ ሰማና መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀው። ባድሩ ስልኩ ውስጥ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘው።

«አጠፋዋለሁ፤ ቆይ ግን አንዴ ልስማው፣ ረስቼዋለሁ።»

ከፈተው። ሙዘይን እጁን አጣምሮ እስኪያልቅ አዳመጠ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድም ቃል አልዘለለም። ባድሩ ፈገግ ሊል ቃጥቶት ተወው፤ ከዚያ አጠፋው።

«ለማን ላክኸው?» አለው ሙዘይን።

ባድሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ስም መጥራት ጀመረ።