ፊታውራሪ ድብና የጥበቡ ድምፅ

ሥራ የገባሁት በገበያ ቀን ነው። ሐጂ ሰይድ ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ ከጨርቅ ሱቃቸው ጀርባ የነበረውን መጋዘን ቪዲዮ ቤት አድርገውት፣ ጀነሬተር የሚያስነሣ ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ ወፍጮ ቤት ሠርቼ ስለነበር ሞተር አልፈራም። ማንበብ ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እስከ አራተኛ ክፍል መማሬን ነገርኋቸው። «ይበቃል፤ ካሴቱ ላይ ያለው ጽሕፈት አማርኛ አይደለም፣ እኔም አላነበው» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ጠዋት አግዳሚዎቹን ጠርጌ አስተካክላለሁ። የካሴት ማጫወቻውን፣ ዴኩን፣ ከፍቼ ሄዱን በአልኮል በነከርሁት ጥጥ እጠርጋለሁ። ሄድ የምንለው ካሴቱን የሚያነበው ክብ ብረት ነው፤ አቧራ ከያዘው ሥዕሉ ላይ በረዶ ይዘንባል። ፊልሙ ሲያልቅ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጥናለሁ። መብራት ሲጠፋ ወደ ጓሮ ወጥቼ ጀነሬተሩን አስነሣለሁ። በማዕረግ ሐጂ ከላይ ናቸው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ተርጓሚው፣ ከዚያ እኔ።

ተርጓሚ ማለት ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ፊልሙን በአማርኛ የሚናገር ሰው ነው። የእኛው ጥበቡ ይባላል። በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ከቅኔ ቤት ወጥቶ የመጣ ሰው ነው፤ ለምን እንደ ወጣ ጠይቄው አላውቅም። ልጆቹ «የኔታ» ይሉት ስለነበር እኔም የኔታ አልሁት። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ይህንን ሐጂም ያውቃሉ፣ ተመልካቹም ያውቃል። የሚከፋው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች የካራቴ ፊልም እናሳያለን። ቅዳሜ ጠዋት ግን የልጆች ነው፤ ካርቱን። እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እዘጋዋለሁ፣ ጥበቡ ጉሮሮውን ይጠርግና ይጀምራል።

አንድ ወፍራም ድብ ጥንቸል ልያዝ ብሎ ወጥመድ ሲያጠምድ፣ ራሱ እየተያዘ የሚውልበት ካርቱን ነበረን። ድብ በአገራችን የለም። ጥበቡ ድቡን ፊታውራሪ አለው። ጥንቸሏን ደግሞ ጆሮዋ ቆብ መስሎት ነው መሰል እማሆይ አላት። አንድ ቅዳሜ ፊታውራሪ ግብር ሊያስገብር ወጥቶ ወጥመድ ይገባል። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው ካሴት፣ ሚስት ሊያጭ ሲሄድ ይገባል። ገመዱ እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ ሲሰቅለው «ይህን የሠራ ባለእጅ ማን ነው? እጁን ልቁረጠው!» ይላል፤ ቋጠሮውን አየት አድርጎ «ለካስ እኔው ነኝ» ይላል። ልጆቹ ከአግዳሚው ይወድቃሉ።

ሥዕሉን በቃላቸው ያውቁታል። የሚመጡት ፊታውራሪ ዛሬ ምን እንደሚል ለመስማት ነው። ጥበቡ የተናገረውን ደግሞት አያውቅም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሐጂን ጨነቃቸው። ካርቱኑ ላይ ድቡ ትልቅ የሥጋ ጭን ይዞ የሚበላበት ቦታ አለ። እስላሙ የክርስቲያን ልጆች ሰብስቦ በጾም ሥጋ ሲበላ አሳየ እንዳይሉኝ አሉ። ካሴቱን እንተወው ወይ አሉን። ጥበቡ ግን «አይስጉ፤ ፊታውራሪን አስጾመዋለሁ» አላቸው።

እንዳለውም አስጾመው። የሥጋው ጭን የተጠበሰ ዱባ ሆነ። ፊታውራሪ በጎረሰ ቁጥር «ወይ ዱባ፣ ያለ ቅቤ እንኳ እንዲህ ትጣፍጪ» ይላል።

በሳምንቱ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ድቡን የምታስጾሙት እናንተ ናችሁ?» አሉን።

ጥበቡ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አላቸው።

«የእኔ ልጅ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ከበሽታ የተነሣውም አሁን ነው። ፊታውራሪ እየጾመ እኔ ወተት አልጠጣም ብሎ አስቸገረኝ። በል ሰውየህን ምከርልኝ።»

ቅዳሜ ፊታውራሪ ሥጋው አጠገብ ሲደርስ ወደ ልጆቹ ዞሮ ተናገረ። ሥዕሉ ላይ እኮ ፊቱን ያዞራል፤ ጥበቡ ያችን ቦታ ጠብቆ ነው። «ልጆች፣ እኔ የምጾመው ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር ስለሚገባ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ወተቱን ይጠጣ። እናቱን ያስቸገረ፣ ፊታውራሪን አውቃለሁ እንዳይል።» ልጁ ጠጣ። እናቱ ለጥበቡ ዳቦ ይዘው መጡ።

የዚያን ዕለት ዕቃ ስንሰበስብ አሳብ መጣልኝ። ቤት ውስጥ የሚቀዳ ቴፕ ነበረኝ፤ ባዶ ካሴት አስገብቶ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። የኔታ፣ ይህን ነገር ልቅዳው እንዴ፣ እንዳይጠፋ አልሁት።

«ምን ያደርግልሃል? ነገ ሌላ አለ» አለኝ።

ከዚያም ስለ ቅኔ ቤት ነገረኝ። እዚያ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መልሶ ቢያመጣ መምህሩ አያስጨርሰውም። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ ለበዓሉ ተቀኝተው እዚያው ይተዉታል። የደገመ ሰው ምንጩ ደርቋል ይባላል። እኔ አዋቂ አይደለሁምና ልክ ነው ብዬ አሳቤን ተውሁት። ቴፑ ቤት ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ዲሽ መጣ። በየቤቱ ጣራ ላይ ሳህን ተሰቀለ፤ ካርቱን ቀኑን ሙሉ ያለ ክፍያ ይታያል። አግዳሚዎቻችን ባዷቸውን ይውሉ ጀመር። ሐጂ ጥበቡንና እኔን ጠርተው እውነቱን ነገሩን፤ ከክረምት በኋላ መጋዘኑን ለፕላስቲክ ዕቃ እፈልገዋለሁ አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ጥበቡ የሚያሳድጋቸው ልጆች ነበሩት፤ ከአንደበቱ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን ለሠርግ የመጣ የአዲስ አበባ ሰው እኛ ዘንድ ጎራ አለ። ሥራው ለልጆች ካርቱን የአማርኛ ድምፅ ማስገባት ነው። ከኋላ ቆሞ ጥበቡን ሰማ፤ ሲስቅ አየሁት። ሲያልቅ ጥበቡን እጅ ነሥቶ፣ ድምፅዎን ልሞክረው፣ ከሆነ ሥራ አለ አለው። ሐጂ ከእኛ ይልቅ ደስ አላቸው። «ጥበቡ፣ እንጀራህ በእግሩ መጣልህ» አሉት።

በማግስቱ ሰውዬው መቅጃውን ይዞ መጣ። እኔ ድቡን ከፈትሁ፣ የጀነሬተሩ ድምፅ እንዳይገባ የጓሮውን በር ዘጋሁ። ጥበቡ ተናገረ። ግሩም ነበር።

«ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው» አለ ሰውዬው። «መጨረሻ ላይ ብቻ ከአፉ ጋር ትንሽ አልገጠመም። እንዳሉት አድርገው አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

አጠነጠንሁ። ጥበቡ ተናገረ፤ ሌላ ነገር። ፊታውራሪ አሁን ከሐኪም ቤት ሲመለስ ነው።

ሰውዬው ታጋሽ ነበር። ይኸኛውም ያምራል፣ ግን የፊተኛውን ነው የምፈልገው አለው። ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠው። ጥበቡ ከወረቀቱ ሲያነብ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ፤ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ይመስላል። ወረቀቱን ተዉትና በራስዎ ይሞክሩት አለው። ሞከረ። ፊታውራሪ በዚህኛው ዳኛ ሆኖ ቁጭ አለ። እንደዚያ እያልን ዋልን።

በመጨረሻ ሰውዬው መቅጃውን ዘግቶ «እኔ የሚያስፈልገኝ የሚደገመው ነው፣ ጋሼ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሥራው እንደዚያ ነው። የቀዳውንም ለሥራ አይሆንም ብሎ እዚያው ፊታችን አጠፋው።

እኔ ተናደድሁ። አንዴ ብትደግመው ምን ነበር፣ ኩራት ነው ወይ ብዬ ጥበቡን ጠየቅሁት።

«አያሌው፣ እንቢ ብዬ መሰለህ?» አለኝ። ላብ በግንባሩ ላይ ነበር። «የተናገርሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ የለም። ብፈልገው አላገኘውም።»

ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ጥበቡ ይጁቤ ከተማ ገባ፤ ልጆች ፊደል ያስቆጥር ጀመር። በገበያ ቀን እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ። ኋላ ጉሮሮውን ታመመ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳገኘው በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። በዚያው ዓመት ዐረፈ።

እኔ ከእጄ ሙያ አልራቅሁም። መጀመሪያ ዴክ ጠገንሁ፤ አሁን ሰዎች የሠርግና የክርስትና ካሴት ሲያመጡልኝ ልጄ በገዛልኝ ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። የሐጂ ካሴቶችም እኔ ዘንድ ናቸው።

አምና አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ልጇን ይዛ መጣች። የአምበር ከተማ ልጅ ናት፤ እዚህ ሆስፒታል ትሠራለች። በልጅነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ገበያ ስትመጣ እኛ ዘንድ ትገባ ነበር። «አባባ፣ የፊታውራሪን ካሴት ፍላሽ ላይ ያድርጉልኝ፤ ለልጄ ላሰማው» አለችኝ።

ካሴቱ አለ፣ የጥበቡ ድምፅ ግን የለበትም አልኋት። አላመነችኝም።

«አለ እንጂ አባባ። እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ከፈትሁላት። ድቡ ወጣ፣ ወጥመዱን አጠመደ፣ በማናውቀው ቋንቋ ተናገረ። ሕፃኑ ሳቀ። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። ተዘቅዝቆ የሚሰቀልበት ቦታ እስኪደርስ ጠበቀችና «ይሄ እሱ አይደለም» አለች።

ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ አብረውት ነበሩ። እዚህ ላይ ምን ነበር የሚለው? እስኪ በእርስዎ አፍ ይበሉልኝ።»

ሞከርሁ። የባለእጁን ነገር አልሁላት። በእኔ አፍ አያስቅም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ የለኝም። ያን ሁሉ ቅዳሜ እኔ የማዳምጠው ዴኩን ነበር፤ ካሴቱን እንዳይበላው፣ ጀነሬተሩም ታንቆ እንዳይጠፋ። የልጆቹ ሳቅ ደኅና አድርጎ ትዝ ይለኛል። ያሳቃቸው ቃል አይመጣልኝም። ካሴቱን እንዲሁ ገልብጬ ሰጠኋት፤ ገንዘብ አልተቀበልሁም።

ጥበቡ መቅዳቱን ተወው ያለኝ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቅዳሜ አብረን ሠርተናል፤ እኔ ግን ደግሜ አልጠየቅሁትም። በዚህ የመቅዳት ሙያ ያላችሁ ልጆች፣ ባለሙያ ተወው ቢላችሁ ለጊዜው ተዉት፤ በሌላ ቀን ግን እንደገና ጠይቁት።