አጎቴ የጫሩት ምልክት

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ባዶ ጀልባ አይተው ሞተር አይመርጡም ነበር። መጀመሪያ ሁላችንንም ከነመረባችን ያሳፍሩና ውኃው ጎኗ ላይ የደረሰበትን በሚስማር ይጭራሉ። «ባዶዋንማ ማንም ይገፋታል፤ ጉዱ የሚታየው ዓሣ ጭና ባሮ ወንዝን ሽቅብ ስትወጣ ነው» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የኤሌክትሪክ ሞተር ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ «ላንቺ ጀልባ ትንሹ ይበቃል» አለኝ። እንደ አጎቴ ልለካ ብዬ ተመልሼ ከእሳቸው በወረስኳት ጀልባ ቤተሰቡን ከነመረቡ አሳፈርኩ። ከኋላ የእሳቸው ቦታ ባዶ ስለነበር ውኃው ከጭረቱ በታች ቀረ። «እውነትም ትንሹ ይበቃል» ልል ነበር፤ ግን እጄ ጭረቱ ላይ አረፈ። ትልቁን ገዛሁ።

አሁን በእሳቸው መቀመጫ ላይ ትንሿ ልጄ ትቀመጣለች። ውኃው ጭረቱ ጋ ገና አልደረሰም። ይደርሳል።