አባቴና የሚስተር አባት

ልጅ እያለሁ፣ ላሊበላ ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ ታሪክ የሚያስተምሩን አንድ ህንዳዊ ነበሩ። ስማቸው ለአፋችን ስለከበደን «ሚስተር» ብቻ እንላቸው ነበር። ኮታቸው ጠመኔና ቅርንፉድ ይሸት ነበር። የላስታ ብርድ አልስማማቸው ብሎ በግንቦትም ሻርፕ አይለያቸውም።

አንድ ዓርብ መጽሐፉን ዘጉና ያልገባንን በተሰባበረ አማርኛ እየደገሙ ስለ አባታቸው ነገሩን። አባታቸው የመንደር ጸሐፊ ልጅ ነበሩ፤ እንግሊዝ አገር ሕግ ተምረው ተመለሱ። ቅኝ ገዥዎቹ ባቆሙት ችሎት፣ በገዥዎቹ ቋንቋ፣ መሬታቸውን ለተቀሙ ገበሬዎች ተከራከሩ። ስማቸው ሲገን መንግሥት የምክር ቤት ወንበር ሰጣቸው። ከውስጥ ሆኜ ሕጉን አቃናለሁ ብለው ዐሥር ዓመት ተቀመጡ። የአገራቸው ሰው የፈረንጅ አሽከር አላቸው፤ ፈረንጆቹም አላመኗቸውም። በመጨረሻ ሰውን ያለ ፍርድ የሚያሳስር ሕግ መጥቶ ይደግፉ ሲባሉ፣ ወንበሩን ትተው ወጡ። ታሰሩ። ሲፈቱ ሳንባቸው ታሞ ነበር፤ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ ሞቱ። ሚስተር ይህን ጨርሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቤታችን በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ታሪኩን ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ነበሩ። ያን ሰሞን ሊቀ መንበሩ የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችንን የገብስ ማሳ ለወንድሙ ለመስጠት ፈልጎ፣ ፍርዱን ይፈርሙ ብሎ አስጨንቋቸው ኖሯል። እኔ ምን አውቄ!

«ዐሥር ዓመት ተቀምጠው ነው የተውት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አይ... ዘግይተዋል።» እርምጃቸውን አፍጥነው ቀደሙኝ።

በሳምንቱ ሸንጎው ፊት ቆሙ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች ይላል የአገሬ ሰው። በዚች ሴት ርስት ላይ አልፈርምም፤ ሌላ ዳኛ ፈልጉ» አሉ። ርስት የሚለው ቃል ብቻውን በሚያስከስስበት ዘመን! አድኃሪ ተብለው ወልድያ ተወሰዱ። እናቴ ስንቅ እየቋጠረች ሁለት ዓመት ተመላለሰች። ማሳውም አልዳነ፤ ሌላ ሰው ፈረመበት።

ሲመለሱ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ስማቸው ድንገት ሲጠራ ይደነግጣሉ። ሚስተር አገራቸው ገብተው ነበር። አንድ ቀን ጨንቆኝ፣ «እኔ ባልነግርዎት ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በይ» አሉኝ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው። «ልቤ ቀድሞ ቆርጦ ነበር። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

አላመንኳቸውም። በተከታዩ ክረምት ሞቱ።

ያኔ የሰማሁትን ሁሉ ይዤ ወደ አባቴ የምሮጥ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ልጄ ዳኛ ሆኗል። አንዳንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ ከሥራ ይመለስና አጠገቤ ይቀመጣል፤ ምን ገጠመህ አልለውም። አንድ ጊዜ፣ «እማዬ፣ አያቴ በምን ሞቱ?» አለኝ።

«ታመው ነው፣ ልጄ» አልኩት።