ባለመሀረቡ

ዛኪር ተሳፋሪ ላይ ካልቀለደ ቤንዚኑ በከንቱ የነደደ የሚመስለው ባለባጃጅ ነው። የዛሬው ሰውዬ ደግሞ ራሱ አመቻቸለት። ይዟቸው የመጣውን ሽማግሌዎች ወደ አንድ ግቢ ሸኝቶ ባጃጁ ውስጥ ሊጠብቅ ሲመለስ ወንበሩን በመሀረብ ጠረገ፤ መሀረቡን አራገፈና እንደገና ጠረገ።

«ሙሽራ ልታስቀምጥበት ነው እንዴ?»

«ከሰጡኝ» አለ ሰውዬው፣ በሩን በሩን እያየ። «ይቅርታ፣ የሥራ አመል ነው። እኛ ጋ አንዲት ብናኝ ሥራ ታበላሻለች።»

ይሄኔ አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። ሰውዬው ዘሎ ወረደ።

«ልጄ፣ አባትየው ሥራው ምንድነው እያሉ ነው። ያቺን ነገር እስቲ ድገምልኝ።»

«ፎቶዳዮድ ይሠራል ይበሏቸው። ከጤፍ የምታንስ ዓይን ናት። ከሳተላይት በብርሃን የተላከ መልእክት ስታይ ወዲያው ወደ ኤሌክትሪክ ትቀይረዋለች።»

ዛኪር አላስቻለውም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን የአባትየውን ወፍራም ድምፅ አስመስሎ አወጣ፦ «ከጤፍ ካነሰች በየትኛው ወንፊት ልትነፋት ነው?»

«ዝም በል አንተ!» አሉት ሽማግሌው። «አምና የላክሃቸው ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን የተመለሱት በዚሁ አፍህ አይደል?»

ሰውዬው ግን ከት ብሎ ሳቀ። «ይሳቅብኝ፣ አባባ። ፈጣን ዓይን እሠራለሁ ባይ ነኝ፤ ልጃቸው ድሮ ጎረቤቴ ሆና ስታድግ ግን አላየኋትም። ይኸው ስንት ዘመን ቆይቼ አሁን አየኋት።»

«ይሄንን ነው የምነግራቸው» ብለው ሽማግሌው ተመለሱ።

ትንሽ ቆይቶ ከግቢው ሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ያ ወፍራም ድምፅ ነበር።

ሰውዬው ነፋስ አቧራ ያለበሰው ወንበር ላይ ሳይጠርግ ዘፍ አለ።