ለአሪጅ ሒና የተሠራው ሳሙና

ሬሐናን ቡራዩ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክርላታል፤ “ይህን እኔ እሠራዋለሁ” ካለች የሚያስቆማት የለም። የሱቃቸው መጋረጃ በእሷ እጅ የተሰፋ ነው። የባሏ የአክመል ሱሪም እንዲሁ፤ አንዱ እግሩ ትንሽ ያጥራል እንጂ። ታናሽ እህቷ አሪጅ ልታገባ ሆነና በሒናው ዕለት ለሚመጡት ሴቶች ምን ይታደል ሲባል፣ ቀድማ አፏን የከፈተች እሷው ነበረች። “ሳሙና እሠራለሁ፤ ከታች ነጭ፣ ከላይ የጽጌረዳ ቀለም” አለች። አሪጅም ከሱቅ ልትገዛ ያሰበችውን ሻማ ተወች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከመርካቶ የመጣውን ዝግጁ የሳሙና ጡብ መክተፍ፣ ማቅለጥ፣ ቀለም መጨመር፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ማፍሰስ፤ በቃ። ሬሐና ግን ትዕግሥት አልፈጠረባትም። መጀመሪያ ድስቱን በቀጥታ እሳት ላይ ጥዳ አፈላችውና ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። በማግስቱ በፈላ ውሃ ላይ ሌላ ዕቃ አስቀምጣ ቀስ ብላ ስታቀልጠው ሰመረላት። ደግሞ ቶሎ ይርጋ ብላ ፍሪጅ ከተተችው። ሲወጣ የክረምቱ እርጥበት አገኘውና ሳሙናው በላብ ተጠመቀ።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አሉ እናቷ ወይዘሮ ራቢአ፣ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው።

ሬሐና ፍሪጁን ተወችው። በክፍሉ አየር ካቀዘቀዘችው በኋላ እርጥበት እንዳያገኘው በስስ ፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለችው፤ ላቡም ቀረ።

የባሰው በሒናው ዋዜማ መጣ። አሪጅ አንዱን ፈትታ እጇን ስትታጠብ፣ ጽጌረዳው ከነጩ ላይ ተንሸራቶ መታጠቢያው ውስጥ ዱብ አለ። ሌላ አመጡ፤ ያም ያው ሆነ።

“ሬሑ፣ ነገ የሰበታዎቹ አማቾቼ ሲታጠቡበት እንዲህ ቢሆን ምን እላቸዋለሁ?” አለች አሪጅ፤ እንባዋ ቀርቦ ነበር።

ሬሐና ደነገጠች። እህቷን ገና አማቾቿ ቤት ሳትገባ ልታዋርዳት ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ብላ ነጩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ያሙለጨልጫል። ያኔ ገባት። የተማረችበት ቪዲዮ ሁለተኛውን ቀለም ከማፍሰስሽ በፊት አልኮል እርጪበት ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ አልኮል ቤቴ አይገባም ብላ በምትኩ የዘይት ሽቶዋን ረጭታበታለች። በሁለቱ መካከል ቅባት ቀብታ ተጣበቁ ብትላቸው እንዴት ይስሟት?

“ሐኪም ቁስል የሚጠርግበት አይደል እንዴ?” አሉ ወይዘሮ ራቢአ። “ልትጠጪው ነው?”

አክመል በዝናብ ወደ ፋርማሲ ሮጠ። እህትማማቾቹ ጽጌረዳውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ ለዩ፤ ለመለያየቱስ አላስቸገሩም። ዘይቱን ጠርገው እንደገና አቀለጡ። ነጩ ፊቱ ረግቶ ገና ሞቅ እንዳለ ሬሐና በሹካ ጫር ጫር አደረገችው፤ አክመል አልኮሉን ረጨበት፤ ጽጌረዳው ለብ ሲል ፈሰሰበት። ላዩ ላይ አረፋ ብቅ ሲል አክመል ትንሽ እየረጨ ያጠፋው ነበር፤ ደስ ስላለው አረፋ የሌለውንም ይረጫል።

በማግስቱ ቤቱ በሴቶች ሞላ። የሙሽራው እናት ሐጂያ ጠይባ ስጦታቸውን እዚያው ፈቱና ከምግብ በፊት ሊታጠቡበት ወደዱ። ውሃ የምታፈስላቸው ሬሐና ናት። ሐጂያ ሳሙናውን ገለበጡት፣ ጨመቁት፣ በመዳፋቸው መሀል አጥብቀው አሹት። ሬሐና ማንቆርቆሪያ መያዟን ረስታ ውሃውን ክንዳቸው ድረስ ለቀቀችው። ሳሙናው አረፋውን አወጣ እንጂ ጽጌረዳው ከነጩ ላይ ንቅንቅ አላለም።

“ባዬ በሬዳ” አሉ ሐጂያ። በጣም ያምራል ማለታቸው ነው። “ከየት ነው የተገዛው?”

ሬሐና አፏን ሳትከፍት አሪጅ፣ ሁለት እጇን ሒና እንደተቀባች ዘርግታ፣ “እህቴ ናት የሠራችው” አለች።

ሐጂያ ጠይባ ሬሐናን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። “ገለቶሚ፣ ልጄ” ብለው አመሰገኗትና ያንን እርጥብ ሳሙና በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሴቶቹ ሳቁ።

ሬሐና ውሃ ልትጨምር መስላ ወደ ጓዳ ገባች። ደስታው አልቻል ብሏት በሻርፗ ጫፍ ዐይኗን ትጠርጋለች። ከሳሎን የአሪጅ ድምፅ ይሰማል፤ ለገባው እንግዳ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ “እህቴ ናት የሠራችው” ትላለች።