አፌ በሽቦ ታስሮ የከረመበት ክረምት

መንጋጋዬን ያሰበረኝ የገዛ ቀልዴ ነው። እዚህ ጅማ፣ ከመርካቶ ወደ ጊንጆ ሰፈር ስሄድ ለባጃጅ ነጂው አንድ ነገር አጫወትኩት፤ ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቦይ ውስጥ ይዞኝ ገባ። እሱን ጭረት እንኳ አልነካውም። የእኔን የላይና የታች ጥርስ ሐኪሙ በሽቦ ገጥሞ አሰረና፣ "እስኪፈታ ድረስ ማኘክም ማውራትም የለም" አለኝ። ባለቤቴ ዘወር ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው።

መርካቶ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ከሰዓት በኋላ ሱቄ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ስገባ ወንበር የሚለቅልኝ ብዙ ነበር። ጠረጴዛችን በሳቅ ይናወጣል፤ እኔም ያንን ሁሉ ሰው ወዳጄ ብዬ ይዤው ነበር። የማይስቅልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በርጩማና ወንበር የሚሠራ የጅማ ልጅ፣ አናጺ። ቀልዴ ሲያልቅ ሻዩን ፉት ይልና ወደ መንገዱ ያያል። እንደሚጠላኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

በተኛሁ ሰሞን ወዳጆቼ ሙዝና ብርቱካን ይዘው መጡ። ማኘክ ስለማልችል ራሳቸው በሉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አፍ አፌን ያዩ ጀመር። የመጣልኝን ቀልድ ስልኬ ላይ ጽፌ እስካሳያቸው ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። አንዱ ዝናብ መጣ አለ፣ ሌላው ጃንጥላ አልያዝኩም አለ፣ ተነሡ። በዚያው ቀሩ።

አናጺው ግን አንድ ከሰዓት የአቮካዶ ጁስ በጆግ ይዞ መጣ። ስትሮውን በአፌ ጥግ አስገባልኝና ተቀመጠ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈሃል" አለ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ትንሽ ጠበቀ። እንደማልናገር ሲያረጋግጥ ወንበሩን አስጠግቶ ጀመረ፤ እስከ መግሪብ ሶላት አላቆመም። አጋሮ ላለ አንድ ሀብታም ቁም ሳጥን ሠርቶ በበሩ አልገባ ብሎት ነበር።

"ግድግዳውን አፍርሰን አስገባነው" አለኝ። "ግድግዳውን መልሰን ስንሠራ ደግሞ ዕቃውን ጭኖ ያመጣው ሾፌራችን ለካ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል።"

ሳቄ መውጫ አጥቶ ከነጁሱ በአፍንጫዬ ወጣ።

በነጋታውም መጣ። ከዚያ ወዲያ ሳይመጣ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። አንዴ ቤቱ ዝናብ ሲያፈስብን ወሬውን ሳያቋርጥ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ከላይ ሆኖ እየጮኸ ጨረሰልኝ።

ስልኬ ላይ "ሻይ ቤት ለምን ዝም ትላለህ?" ብዬ ጻፍኩለት።

አነበበና፣ "ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ መቼ ቦታ ሰጠኸኝ?" አለ።

ሽቦው የሚፈታ ቀን አብሮኝ ሄደ። ሐኪሙ "ያምሃል?" ሲለኝ፣ አናጺው ቀድሞኝ "ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይሰማዋል" አለ። ልክ ነበር። ስንወጣ በተፈታ አፌ ላመሰግነው ብል፣ "ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ" አለኝ።

ዛሬም ሻይ ቤቱ እገባለሁ። እዚያ ያሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ መሳቅ ይወዳሉ፣ እኔም ማሳቅ እወዳለሁ። ሲከፋኝ ግን የምሄደው ወደ አናጺው ነው። እሱ እንጨት እየላገ ያወራል፤ እኔ ያልተጨረሰ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ይደርሰኛል።