ከመንዝ ስመለስ ያገኘሁት ግድግዳ

በሰፈራችን፣ በዶሮ ማነቂያ፣ ቧንቧ ሲያፈስ፣ ቆርቆሮ ሲነቀል፣ ቁልፍ አልከፍት ሲል የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እያየሁ፣ እያፈረስኩና መልሼ እየገጠምኩ ነው። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ከአምስት ኪሎ ድረስ መጥተው ምክር ጠይቀውኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆንም ሐሰት የለበትም።

ቤታችን ከአባቴ የወረስኩት የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ያን ዓመት የውጭው ምርጊት ተሰነጣጥቆ በመንገዱ በኩል ማገሩ መታየት ጀመረ። ሁሉንም አራግፌ እንደገና በጭቃ ልመርገው ወሰንኩ። ቀይ አፈር አስመጣሁ። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ከጤፍ ጭድ ጋር ለወስኩት፤ ሱሪዬን ሰብስቤ በእግሬ እየረገጥኩ ሦስት ሳምንት አቦካሁት። ሽታው ጎረቤት አስቀየመ። በደንብ ያልቦካ ጭቃ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ በራሴ ደረስኩበት።

አጥር ለአጥር የምንጎራበተው የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ግንበኛ ነው። ጠዋት ጠዋት እጁን ኪሱ ከትቶ እየቆመ ያሾፍብኝ ነበር።

«ኢንጂነር፣ የምትሠራው ቤት ነው ጎተራ?»

«አንተ ሽሮም በሲሚንቶ የምትበጠብጥ ሰው፣ ምን ይገባሃል?»

«ለስንልኝ በለኝና በሁለት ቀን ቪላ አስመስልልሃለሁ።»

ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የገባው መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን መረግኩ። ያለቀ ቀን መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ቆየሁ፤ አንድ ስንጥቅ አልነበረውም። በዚያው ሳምንት የአጎቴ ልጅ አረፈና ለለቅሶ መንዝ ሄድኩ።

በስምንተኛው ቀን ተመለስኩ። ከጊዮርጊስ በኩል ስመጣ ቤቴን ሳላውቀው አለፍኩት። ዞሬ ሳየው ግራጫ ሆኗል፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ተለስኗል። ወዳጄ ደጃፌ ላይ የሚለስንበትን ማንካ ያጥባል። ቀና ብሎ አላየኝም።

ባለቤቴ ወጣች። «እሑድ ለልጅህ ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ። «የባላገር ጎጆ በመሰለ ቤት ልቀበላቸው?»

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«መቼ ተጠይቀህ እሺ ብለህ ታውቃለህ?»

ወደ ወዳጄ ዞርኩ። «አንተስ? ነግሬህ አልነበረም?»

«ባለቤትዎ ናቸው ያዘዙኝ፣ እኔ ምን ላድርግ ጋሼ» አለ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንደኛው ገና ሳይቀመጡ ግድግዳውን አድንቀው ማን እንደሠራው ጠየቁ። ባለቤቴ ፈጠን ብላ «ባለሙያ አስመጥተን ነው» አለች። ወዳጄ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ምስጋናውን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ልጄ ከጓዳው በር አየችኝ። ለእሷ ስል ዝም አልኩ፤ እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።

ሐምሌ ሲጋመስ ሲሚንቶው እንደ ሆድ ተነፋ። ነሐሴ ላይ በመንገዱ በኩል ያለው ተገንጥሎ ወደቀ፣ የእኔንም ጭቃ ይዞት ወረደ። ድሮም ያረጁት ሁለት ቋሚዎች ረጥበው በጣት ይፈረፈሩ ነበር። ባለቤቴ ግድግዳውን በሸራ እየሸፈነች «የዘንድሮ ዝናብ ከበደ» አለች። ወዳጄ ዝር አላለም።

መስከረም ከጠባ በኋላ የሠራሁት ይህ ነው፦

ሲሚንቶውን ዙሪያውን በመዶሻ አራገፍኩ።

ሁለቱን ቋሚዎች ጣሪያው ንቅንቅ ሳይል ለወጥኩ።

አዲስ ጭቃ አቦካሁ፣ ይህኛውን አራት ሳምንት።

አራቱንም ማዕዘን መረግኩ፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ መጥቶ ማየት ይቻላል።

ልጄን ከዚያው ቤት ዳርኩ።

ባለቤቴን ሰው ሲጠይቃት «እሱ ነው የሠራው» አስባልኳት። ሦስት ጊዜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወዳጄን ሰርጉ ላይ ጠርቼ እጁን ጨበጥኩ። ስለ ግድግዳው እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።